ባለ አራት እግሩ ማኅሌት

ሰው ዕቃ ማስቀመጫ ሲያጣ አናጢ ይጠራል። አናጢው "ነገ እመጣለሁ" ብሎ ይቀራል፤ ሰውየው ይጠብቃል፤ ዕቃው ወለል ላይ ይሰነብታል፤ ሁሉም በሰላም ይኖራል። አገር የኖረው እንዲህ ነው። እኔ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆነብኝና "የገዛ መደርደሪያዬን በገዛ እጄ እሠራለሁ" ብዬ ተነሣሁ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ፀሐይ አናት ላይ በወጣች ቁጥር እስትንፋሴን ይዤ ወለል የማዳምጥ ሰው ሆኛለሁ። ሣቁብኝ፣ ግድ የለም። አንድ ቀን ቀትር ላይ ቤቴ መጥታችሁ አብራችሁኝ ብትቀመጡ ግን ሣቃችሁ ወደ ሆዳችሁ ይመለስ ነበር።

መደርደሪያው የቴፕ ነው። የቴፕ፣ የአምፕሊፋየር፣ የሸክላ ማጫወቻና የሁለት ትልልቅ ስፒከሮች። ጎረቤቶቼ "ሚስት ያላገባው ስፒከር አግብቶ ነው" እያሉ ያሙኛል። ሐሜት ነው፤ ውሸት ነው ለማለት ግን አፌ አይደፍርም። ሌላው አስተማሪ ደመወዝ ሲቀበል ጫማ ይገዛል፣ እኔ ሽቦ እገዛለሁ። የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው። ተማሪዎቼ ድክመቴን ደርሰውበት፣ ያላጠኑ ቀን "ቲቸር፣ ጥሩ ስፒከር በምን ይታወቃል?" ይሉኛል። ደወሉ ሲደወል እኔ ገና ስለ ሽቦው ውፍረት እያስረዳሁ ነው።

ቤታችን ከአራዳ ወረድ ብሎ ያለ፣ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ፎቅ ነው። ፎቅ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ እኛ ላይ ነን፣ አያ በሪሁን ታች ናቸው፣ መካከላችን ሳንቃ ነው። አያ በሪሁን የጃናሞራ ሰው ናቸው፤ ምድር ቤቱን ተከራይተው የእህል መጋዘን ይጠብቃሉ። እሳቸው ሲያስሉ እኛ እንሰማለን፣ እኛ ስንራመድ እሳቸው ይሰማሉ። ጠዋት ደረጃው ሥር ሲያገኙኝ፣ "ማታ ምነው ወደ ጓሮ ተመላለስህ? ሆድህን ነው?" ብለው የሚጠይቁኝ ሰው ናቸው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ምሥጢር ብሎ ነገር የለም።

አባቴ የአቋቋም መምህር ነበሩ። ደቀ መዝሙሮቻቸው የኔታ ይሏቸዋል፤ እኔም አፌን የፈታሁት ይህን ስም ሰምቼ ስለሆነ አባዬ ብያቸው አላውቅም። ከቅዳሴ መልስ እህል ቀምሰው፣ ቀትር ላይ እዚሁ ሳንቃ ላይ ይቆሙና፣ በመቋሚያቸው ወለሉን እየመቱ ዜማውን ከነምቱ ያስጠኑ ነበር። እኔንም ሊያስጠኑኝ ሞክረዋል። ችግሩ የእኔ መቋሚያ ነው። የሰው ሁሉ መቋሚያ "ድም" ብሎ ሲያርፍ የእኔ ትንሽ ቆይታ "ጠቅ" ትላለች። ለአንድ በዓል ማኅሌት አስገቡኝ፤ በመላው ካህናት መካከል "ድም" ሲባል፣ ጸጥታው ላይ "ጠቅ"። ደገሙት፤ እኔም ደገምሁት። የኔታ ከማኅሌቱ መካከል በእጄ ይዘው አወጡኝ፣ መቋሚያዬን ተቀበሉኝና "ልጄ፣ አንተ ትዘገያለህ። ሂድ አስኳላህን ተማር" አሉኝ። ስለዚህ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆንሁ። ዛሬም ክፍል የምገባው ዘግይቼ ነው።

የኔታ ዐረፉ። ቤቱም አብሯቸው ያረፈ ያህል ጸጥ አለ። ሳንቃው እንኳ መጮኽ ተወ። እናቴ አላለቀሰችም፣ አላማረረችም፤ የሙት ዓመታቸው ሲቃረብ ብቻ ምስር እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣ "ሙት ዓመቱን ካወጣሁ ጃናሞራ እወጣለሁ" አለችኝ። "የኔታ ከተወለዱባት ደብር፣ መካነ ብርሃን ከተማ አጠገብ፣ ቆቤን ደፍቼ እቀመጣለሁ።"

"ምነው እማዬ? እዚያ ብርድ? በዚህ ጉልበትሽ? እኔስ?"

"አንተማ ስፒከር አለህ።" ከዚያ እጇን ከሰፌዱ ላይ አነሣች። "ይህ ቤት ድምፅ የለውም ልጄ። ድምፅ የሌለው ቤትና መቃብር ምን ለያቸው?"

ያሳሰበኝ የእሷ ጉልበት ብቻ ነው ብዬ ብነግራችሁ ዋሸኋችሁ። ከሥራ ስመለስ ያን በር ከፍቼ ማንም የሌለበት ቤት መግባት ፈራሁ። ትልቅ ሰው ነኝ፣ ሽበት ጀምሮኛል፣ ግን ፈራሁ። በዚህ ፍርሃት ላይ ነው እንግዲህ አእምሮዬ የበራልኝ። ቤቱ የጎደለው ድምፅ ከሆነ፣ ድምፅማ የእኔ ሙያ ነው! አንድ ደቀ መዝሙር ድሮ የቀዳት አንዲት ካሴት አለችኝ፤ የኔታ ሲያዜሙና በመቋሚያቸው ወለሉን ሲመቱ። እናቴን በካሴት ላስቀራት ቆረጥሁ።

ቴፑን ሳንቃው ላይ አኖርሁና ጠራኋት። የኔታ ማዜም ጀመሩ። እናቴ ከጓዳ ተነሥታ አንድ እርምጃ ስትራመድ ወለሉ ተነቃነቀ፤ የኔታም ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ቆመች፤ ድምፁ ተስተካከለ። ተራመደች፤ እንደገና ተንቀጠቀጠ፣ ተሰበረ፣ ሲቃ የያዘው ሰው ድምፅ ሆነ። እናቴ ደረቷን ይዛ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

"እያለቀሱ ነው" አለች።

"ወለሉ ነው እማዬ! ቴፑ ሲነቃነቅ ነው!"

"ስጠጋቸው ነው የሚያለቅሱት" አለችና በሩን ዘጋች። ነገሩን ላስቀር ብዬ ባሰብኝ። በዚያው ሳምንት የልብስ ሣጥኗን ከአልጋ ሥር አወጣች።

ስለዚህ መደርደሪያ የግድ ሆነ፤ ወለሉ ቢደንስ እንኳ ቴፑን ጸጥ አድርጎ የሚይዝ ከባድ መደርደሪያ። ዩቱዩብ ላይ አንድ ፈረንጅ አገኘሁ። ጠረጴዛው ላይ ፍቅፋቂ እንኳ የማይታይ፣ ሸሚዙን ወደ ሱሪው ያስገባ አናጢ ነው። ወፋፍራም ሳንቃዎችን በአራት የብረት ዘንግ እያቆመ መደርደሪያ ይሠራል። ሁለት ነገር አስጠነቀቀ። አንደኛ፣ አራቱም እግሮች እኩል ይሁኑ። ሁለተኛ፣ ስፒከርን ከማጫወቻው ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ በጭራሽ አታስቀምጡ። እኔም በጥሞና ሰምቼ፣ ሁለቱንም ሻርሁ።

ሳንቃውን ከአሮጌ ቁም ሣጥን መዝጊያ አወጣሁ። የብረት ዘንጉን ግን ከየት ላምጣ? አንድ ሱቅ "ነገ ይገባል" አለኝ፤ ሌላው ለምን እንደፈለግሁት ጠየቀኝና ስነግረው ጓደኞቹን ጠርቶ አስደገመኝ። ተስፋ ቆርጬ ቤት ስገባ ከበሩ ጀርባ፣ በየኔታ ጋቢ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ዓይኔን ገባ። ፈታሁት። መቋሚያዎች ናቸው። ቅቤ የጠጡ፣ ቀጥ ያሉ፣ እንደ ብረት የጠነከሩ። ብቆጥራቸው ልክ አራት ናቸው። አራት እግር ስፈልግ አራት እግር ተጠቅልሎ ሲጠብቀኝ ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን "ተመስገን" አልሁ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፤ የምጠይቀው ሰው የለም። የማይጠየቅበትን ሰዓት መርጦ የሚሠራ ሰው ሥራው ምን እንደሚሆን አገር ያውቀዋል።

ከአራቱ አንዷ አጭር ናት፤ ከእኩዮቿ ክንድ ያህል ታንሳለች። እንግዲህ አስተዋይ ሰው ቢሆን ሌላ ይፈልግ ነበር። እኔ ምን አደረግሁ? የመቋሚያዎቹ ራስ ከላይ እኩል ቢሆን ያምራል አልሁና፣ አጭሯን ከፍ አድርጌ አሰርኋት፤ ከሥሯ የተረፈውን ክፍት ደግሞ በጥርብ ድንጋይ ሞላሁት። በድንጋዩና በእግሯ መካከል ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ቀረች። እሷን በአሮጌ ጫማ ሶል እደፍናለሁ ብዬ ለነገ አሳደርሁ። እስከ ዛሬ ነገ ናት።

መሰርሰሪያ ተውሼ ነበር፤ ገና ሳንቃዎቹን በስቼ እንደጨረስሁ መብራት ጠፋ። ይህን ጊዜ አያ በሪሁን ኳኳታው ሲበዛባቸው ከምድር ቤት ወጡ። ሥራዬን አይተው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"በምን ልታስረው ነው?"

"በሚስማር።"

"ሚስማር እንጨት ይሰነጥቃል። ጠፍር አምጣ። ጠፍር እርጥቡን ይታሰራል፣ ሲደርቅ አጥንት ነው። የኔ አልጋ በጠፍር ነው፤ እኔን ይቀብራል እንጂ አይላላም።" ሄደው የተዘፈዘፈ የበሬ ጠፍር ይዘው መጡና ሲያስሩልኝ ቆይተው፣ ድንገት እጃቸው ቀጥ አለ። "ምነው… ይኼ የየኔታ መቋሚያ አይደለም?"

"እንጨት ነው አያ።"

"እንጨት ነው?"

"እንጨት ነው።"

"እሺ፣ እንጨት ይሁን" አሉና አማትበው ወረዱ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ደረጃውን ሲወጡ በሩ ላይ ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

መደርደሪያው ቆመ። ይህን ያህል አያምርም ማለት አይቻልም። አራት መቋሚያዎች ከላይኛው ሳንቃ በላይ ራሳቸውን አውጥተው፣ ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል። የታጠበ ነጠላዬን እንዲደርቅ ሁለቱ ራሶች ላይ ጣል አድርጌ ትምህርት ቤት ሄድሁ። አመሻሹ ላይ ተመልሼ በሩን ስከፍት፣ ጥግ ላይ ቀጠን ያሉ፣ ነጭ የለበሱ ሰዎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አድርገው ቆመዋል። ለሙት ዓመቱ የመጡ ካህናት መሰሉኝ።

"እንደምን አመሻችሁ አባቶቼ" አልሁ፣ ጎንበስ ብዬ።

አልመለሱም። ሁለተኛ ጎንበስ አልሁ። ያን ጊዜ ነው ከኋላዬ እናቴ የመጣችው። እሷ ለሰላምታ አልቸኮለችም። ነጠላውን አነሣች፣ መቋሚያዎቹን አንድ በአንድ ራሳቸውን ዳሰሰች፤ አጭሯ ላይ ስትደርስ እጇ ቆየ።

"ይቺንም?" አለች።

"አጭር ናት፤ ግን ከሥሯ ድንጋይ አድርጌላታለሁ።"

"አያለሁ" አለች። ቁጣ ስጠብቅ፣ ከከንፈሯ ጥግ ሣቅ የሚመስል ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። ምን እንደሆነ አልገባኝም። የገባኝ ቢመስለኝ ኖሮ ያን ሌሊት ደህና እንቅልፍ እተኛ ነበር።

ሰንበት ነው፤ ከቅዳሴ ተመልሰናል። ቀትር ሲሆን መብራት መጣ። ስፒከሮቹን፣ ፈረንጁ እያየኝ መስሎ እየተሰማኝ፣ የታችኛው ሳንቃ ላይ አስቀመጥኋቸው። ካሴቷን አስገባሁ። እናቴ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

የኔታ አዜሙ። እንዲያ ጥርት ብለው በሕይወት ሳሉም አልሰማኋቸውም። አይንቀጠቀጡም፣ አያለቅሱም፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ጉሮሯቸውን ጠርገው የጀመሩ ያህል ቅርብ ናቸው። ኮራሁ። ከዚያ የኔታ በካሴቱ ውስጥ ሆነው መቋሚያቸውን መቱ። ወዲያው፣ ከካሴቱ ሳይሆን ከእግሬ ሥር፣ ከሳንቃው፦

ድም።

ትንሽ ቆየና፦

ጠቅ።

የራሴ ፀጉር ሲነሣ ታወቀኝ። የኔታ መቱ፤ ወለሉ "ድም" አለ፤ ቆይቶ "ጠቅ"። ሦስቱ እግሮች እኩል ይነሣሉ፣ እኩል ያርፋሉ፤ አራተኛዋ ዘግይታ ድንጋይዋን ትነካለች። መደርደሪያዬ ማኅሌት ቆሟል። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች፤ ጣቷ ጉልበቷ ላይ ይመታል፤ ከሦስቱ ጋር አይደለም ደግሞ፣ ከዘገየችው ጋር ነው።

አያ በሪሁን ባዶ እግራቸውን ከደረጃው ብቅ አሉ። ፂማቸው ላይ አቧራ፣ በእጃቸው ያልዋጡት ጉርሻ።

"የኔታ መጡ ወይ?"

"ኧረ አያ፣ ስፒከሩ ነው! ወፍራም ድምፅ ሳንቃውን ያርገበግበዋል፤ ሳንቃው እግሮቹን ያነሣል፤ ይህ ንዝረት ይባላል…"

"አቧራው እኮ ከዚያው ከቦታው ነው የወረደብኝ፣ እሳቸው ሲያስጠኑ ከሚወርድበት። ወጤ ላይ። ዓመት ሙሉ ጥርት ያለ ወጥ በልቼ ነበር" አሉ። ቅሬታ ይሁን ደስታ መለየት አልቻልሁም። እናቴ ግን ካሴቷ ስታልቅ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ነገም ክፈትልኝ።" ነገም አለች! ሥራዬ ሠመረ ብዬ ደስታዬ ልክ አጣ።

ነገ ግን መብራት የለም። ቴፑም ስፒከሩም ድዳ ሆነው ተቀምጠዋል። የእናቴን ሻሽ ለማድረቅ መስኮቱ ላይ እየሰቀልሁ ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ መንገዱ ጭር ብሏል። ሕፃን ሳለን "ቀትር ላይ ወንዝ አትውረዱ፣ ዋርካ ሥር አትቀመጡ" ይሉን የነበረው ትዝ ይበላችሁ። ሌሊትን የሚፈራ ሰው ቀትርን አያውቃትም፤ ሌሊት ቢያንስ መብራት ታበራበታለህ፣ ቀትርን በምን ታበራታለህ?

ድም።

ዞር አልሁ። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የለም።

ጠቅ።

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። መብራት ይኑር አይኑር፣ ቀትር ሲደርስ አንድ ሁለት ጊዜ ይመታል። የሳይንስ ሰው ነኝ ብዬ ጠመኔ አመጣሁና በየእግሩ ዙሪያ ክብ አሠመርሁ። በማግሥቱ ሦስቱ ከክባቸው ወጥተው ወደ ምሥራቅ ጣት ያህል ተራምደዋል። አራተኛዋ ከድንጋይዋ በላይ ከተንጠለጠለችበት ንቅንቅ እንኳ አላለችም፤ ስንፍናዋ ትንሽ አጽናናኝ።

አያ በሪሁን ሳይጠሩ ጠበል ይዘው መጡ። "እንጨት ነው አልኸኝ፤ እንጨት ቀትር ያውቃል?" አሉና፣ እጄን ሳላደርስ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ረጩት። መብራት የመጣው ያኔውኑ ነው። አምፕሊፋየሩ "ጭስስ" አለ፣ ከኋላው ነጭ ጢስ ቀጥ ብሎ ወደ ጣሪያው ወጣ።

"ወጣ! ወጣ! እዩት ሲወጣ!" ብለው አያ በሪሁን እልል አሉ። ጎረቤት ተሰበሰበ። የወጣው ፊውዙ ነበር። ግን ለማን ይነገራል? ሰፈሩ በሙሉ ከስፒከሬ ጋኔን እንደወጣ አወራ። ተማሪዎቼ በማግሥቱ "ቲቸር፣ ጋኔን ያለበት ስፒከር በምን ይታወቃል?" አሉኝ። በዚያው ቀን፣ አምፕሊፋየሩ ተቃጥሎ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ቀትር ሆነ። ድም። ጠቅ።

ያን ጊዜ ጠፍሩን ጠረጠርሁ። ቀትር ላይ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ መደርደሪያውን ትመታዋለች፤ ጠፍሩ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ እግሮቹን ይስባል፤ ጥላ ሲሆን ይለቃል፣ ያርፋሉ። ጥሩ ማብራሪያ ነው። ለራሴ ደጋግሜ ነገርሁት። ሲመሽ አምነዋለሁ፤ ቀትር ሲደርስ ግን ማመኔ ልብሱን ሰብስቦ ይወጣል። የእናቴ ሣጥን ደግሞ ክዳኑ ክፍት ነው፤ ነጭ ቀሚሷ፣ ቆቧ፣ መቁጠሪያዋ ታጥፈው ገብተዋል። ካሴቱም ዝም ብሏል። የደከምሁበት ሁሉ ከንቱ ሊሆን ነው።

ሙት ዓመቱ ሊገባ ሲል የንስሐ አባታችን ስለ ድግሱ ሊመክሩ መጡ። ከየኔታ ጋር አብረው የተማሩ፣ አብረው ያረጁ ካህን ናቸው። ጠላቸውን ይዘው ከእናቴ ጋር ሲነጋገሩ ቀትር ሆነ። አያ በሪሁን በሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ የሚሆነውን ስለሚያውቁ ዓይናቸው መደርደሪያው ላይ ነው።

ድም። ጠቅ።

አባ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። አያ በሪሁን በሹክሹክታ፣ "ጋኔን ነው አባ፤ አንዴ ወጥቶ ነበር፣ ተመለሰ" አሉ።

"ዝም በል" አሉ አባ። ጆሯቸውን አዘነበሉ።

ድም። ጠቅ።

"ጋኔን አይደለም" አሉ በመጨረሻ። "ጋኔን ምት አይጠብቅም። ሦስቱ ሸጋ ናቸው።" ፊታቸውን አኮማተሩ። "አራተኛውን ግን ማነው ያስተማረው?"

"የኔታ ናቸው" አለች እናቴ። "አልሆነላቸውም እንጂ።" ይህን ስትል የምታየው እኔን ነው።

ምን እንዳለች ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ተነሥቼ ወደ አጭሯ ሄድሁ፤ ጠፍሩን ወደ ታች ገፋ አደረግሁት። ራሷ ሥር፣ በልጅ ጥርስ የተነከሰ ቦታ አለ። ማኅሌት ሲረዝምብኝ መቋሚያዬን እነክስ ነበር።

"ያንተ ናት" አለች እናቴ። "ያወጡህ ዕለት፣ መቋሚያዬን እሳት ውስጥ ጣሏት ብለህ እያለቀስህ ያመሸህባት። አልጣሏትም። ከራሳቸው ጋር ጠቅልለው፣ በየዓመቱ ለሁሉም ቅቤ ሲቀቡ ለእሷም ይቀቡ ነበር። ምነው ለልጁ አይሰጡትም ብላቸው፣ 'ተያት፤ ያ ልጅ ይዘገያል እንጂ አይቀርም' ይሉኝ ነበር።"

አለቀስሁ። ካህን ፊት፣ ተከራይ ፊት፣ በጎልማሳነቴ አለቀስሁ። አያ በሪሁን ተነሥተው፣ "እንጨት ነው ብሎኝ ነበር እኮ" አሉ ለአባ፣ ከሰሱኝ። አባ ግን አልሰሟቸውም፤ ሌላ "ድም" እየጠበቁ ነበር።

ሙት ዓመቱ ወጣ። ሰው በላ፣ ጠጣ፣ መረቀ፣ ሄደ። በማግሥቱ በደባርቅ በኩል ወደ ጃናሞራ የሚወጣ መኪና አያ በሪሁን አነጋግረው ነበር፤ የአገራቸው ሰው ነው ሹፌሩ። መኪናው በራችን ላይ ቆሞ ጡሩምባውን ነፋ። የእናቴን ሣጥን ተሸክሜ ደረጃው ላይ ቆምሁ። አፌ "አትሂጂ" ለማለት እንኳ ዘገየ። እንደ ልማዴ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ አየች። መደርደሪያውን አየች፣ እኔን አየች።

"ሣጥኑን መልሰው" አለች።

"እማዬ?"

"የኔታ ደቀ መዝሙር ምቱን ሳያስተካክል አሰናብተው አያውቁም። እኔ ጥያቸው ብሄድ ምን ይሉኛል? ይቺ መቋሚያ ከእኩዮቿ እኩል እስክታርፍ ድረስ እቆያለሁ። እኩል ያረፈች ቀን ቆቤን ደፍቼ እሄዳለሁ።" ነጠላዋን አወለቀችና ወደ ጓዳ ገባች። ሹፌሩ አያ በሪሁንን ብዙ ተናገራቸው፤ እሳቸው ግን "ምን ላድርግ፣ መቋሚያዋ ናት" ይላሉ።

አሁን ሥራዬን ገምቱ። እግሮቹ እኩል ይሁኑ ብሎ ያስጠነቀቀኝ ፈረንጅ ቢያየኝ መሰርሰሪያውን ጥሎ ይመነኩስ ነበር። በየማለዳው እናቴ ቅዳሴ ስትሄድ፣ እርጥብ ጨርቅ ይዤ የአጭሯን ጠፍር አረጥባለሁ፤ እንዳይጠብቅ፣ እንድትላላ፣ እንድትዘገይ። የጫማ ሶሉን ሰው እንዳያገኘው ጣልሁት። አምፕሊፋየሩ ፊውዙ ተቀየረለት፤ በየሰንበቱ ካሴቷ ትከፈታለች፤ የኔታ ያዜማሉ፤ ቤቱ ድምፅ አለው። በአገሩ መደርደሪያውን ለማበላሸት እንደኔ የተጋ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ መስኮታችን ላይ ተኛ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ፀሐይ የለችም። እርጥበት ስለሆነ ጠፍሩ ሁሉ ልል ነው፤ የሚደርቅ፣ የሚኮማተር፣ የሚስብ ነገር የለም። እናቴ ጓዳ ምስር ትለቅማለች፤ እህሉ ሰፌዱ ላይ ሲንሸራተት እሰማለሁ። እኔ የፈተና ወረቀት አርማለሁ። ቀትር መሆኑን ያወቅሁት በአያ በሪሁን ሳል ነው፤ በዚያ ሰዓት ምሳ ይበላሉ።

ድም።

እስክሪብቶዬን አቆምሁ። "ጠቅ"ን ጠበቅሁ።

አልመጣም።

አራቱም አንድ ላይ አርፈዋል። አንድ ድምፅ፣ አንድ ምት፣ የኔታ በሕይወታቸው ሙሉ ከእኔ የለመኑት ያ ነው። ምድር ቤት አያ በሪሁን ሳላቸውን አቋረጡ። ጓዳ ሰፌዱ ቆመ። ወደ ጓዳው በር አየሁ፤ መጋረጃው አይንቀሳቀስም። ሣጥኗ ውስጥ የታጠፈችውን ቆብ አሰብሁ፣ የቀዝቃዛውን ደብር አሰብሁ፣ ማታ የምከፍተውን በር አሰብሁ። ዐይኔ መደርደሪያው ላይ ነው፤ እባክሽ፣ እባክሽ አንዴ ብቻ ዘግዪ አልኋት፤ ለእንጨት ጸለይሁ።

መቋሚያዋ ዝም።

ሰፌዱ እንደገና መንሸራተት ጀመረ። ከዚያ የእናቴ ድምፅ፣ እንደ ሁልጊዜው ዝግ ብሎ፣ ከጓዳ መጣ።

"ሰማሃት? ዛሬም ዘገየች።"

መልስ ለመስጠት ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ ወለሉ ሥር ሁሉን የሚሰሙት አያ በሪሁን ቀደሙኝ።

"ኧረ ምን ዛሬ ብቻ!" አሉ ከሳንቃው ሥር። "ይቺማ መቼም አትደርስ!"